ከቆዳ ካንሰር ቀዶ ጥገና በፊት ቻትቦትን እንዴት እንጠይቅ?

አጎቴ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው፣ እኔው ጋር። ልጅ ሆነው ቅልጥማቸውን እሳት አቃጥሏቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ያ ጠባሳ ቆሰለና አልድን አለ። ናሙና ተወሰደ፤ ስኩዌመስ ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ካንሰሩን በስስ ሽፋን እየቆረጡ ለሚያወጡበት ለሞስ (Mohs) ቀዶ ጥገና የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጣቸው። ጋሼ ደግሞ «ሐኪምን በጥያቄ ማድረቅ ነውር ነው» የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ማታ ማታ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስልኬ ላይ ያለውን ቻትቦት መጠየቅ ጀመርን። አንዳንዱ መልስ ግሩም ነበር፣ አንዳንዱ ጉድ ሊያደርገን ነበር። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቀጠሮ ካለ ከእኛ ስህተት ተማሩ።

መጀመሪያ የምርመራ ወረቀቱን አውጡ። የበሽታውንና የቀዶ ጥገናውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዳለ ገልብጣችሁ አስገቡ። በአማርኛ «ሞስ» ብላችሁ ብትጽፉ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። የታማሚውን ስም፣ የካርድ ቁጥርና የኢንሹራንስ ቁጥር ግን አታስገቡ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ መላክ ይቀላል፣ አውቃለሁ። ግን እነዚህ ነገሮች ሁሉ እዚያው ላይ ናቸው።

ቀጥሎ ስለ አሠራሩ ጠይቁ። ቻትቦት እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። «ለ70 ዓመት ሰው በምታስረዳበት ቋንቋ፣ ባጭር ባጭሩ ንገረኝ» በሉት፣ አለዚያ የሕክምና መጽሐፍ ያነብላችኋል። ለእኛ ደህና አድርጎ ነው ያስረዳን። ማደንዘዣው ለቦታው ብቻ ነው፣ ታማሚው አይተኛም። ሐኪሙ ስስ ሽፋን ይቆርጥና እዚያው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካንሰር የቀረበት ጥግ ከተገኘ ተመልሶ ከዚያች ጥግ ብቻ ይቆርጣል፣ ጠርዙ ሁሉ እስኪጠራ። ዘዴውን በ1930ዎቹ የጀመረው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፍሬደሪክ ሞስ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አንዱን ሽፋን መርምሮ ለመጨረስ አንድ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊፈጅ ስለሚችል፣ ቀኑ የሚያልቀው በመጠበቅ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ግማሹ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። «ታዲያ አልሞትም በለኛ» አሉ።

አሁን ወደ ጉዱ።

«ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አይብሉ» አለን። ይህ ሙሉ ሰመመን ለሚሰጠው ሰው የሚባል ነው፣ ተምታቶበት ነው። ጋሼ ጾም ለምደዋል፣ ቅር አላላቸውም። ነርሷ ግን ስንደውል «ኧረ ቁርስ በልተው ይምጡ፣ ምሳም ይያዙ» አለች።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ጋሼ ለልባቸው ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ቻትቦቱ ከሳምንት በፊት ያቋርጡ አለ፣ ያውም በሙሉ ልብ። ሐኪም ያዘዘውን ደም ማቅጠኛ ግን ለሞስ ብዙውን ጊዜ አያስቆሙም፤ ትንሽ መድማት ጭንቅላት ላይ ከሚሄድ የደም መርጋት ይሻላልና። ስለዚህ መድኃኒት ማቆም፣ መጀመር ወይም መጠን መቀየር የሚል መልስ ካያችሁ ስልኩን ዘግታችሁ ክሊኒኩ ጋ ደውሉ።

ሦስተኛው ያሳቀን ነው። ጠርዙ ከካንሰር ጸድቷል ለማለት «ንጹህ ትርፍ ተገኘ» ብሎ ተረጎመ፤ የእንግሊዝኛው «margin» ጠርዝም ትርፍም ማለት ነውና። ጋሼ «ነጋዴ አደረገኝ እንዴ?» አሉ። አማርኛው ግር ካላችሁ በሌላ ቃል እንዲደግመው ጠይቁት፣ ደግሞም የእንግሊዝኛውን መልስ አብሮ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ይህ ነው፦ መልስ ሳይሆን ጥያቄ እንዲያዘጋጅላችሁ አድርጉ። እኛ በመጨረሻ የጻፍነው ይህን ነበር፦

«አጎቴ ቅልጥማቸው ላይ በድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ለወጣ ካንሰር ቀዶ ጥገና አላቸው። ደም ማቅጠኛና የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። ምክር አትስጠን። ነርሷን የምንጠይቃቸውን 10 ጥያቄዎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፍልን።»

የወጣው ዝርዝር የሚገርም ነው። ቁስሉ ይሰፋል ወይስ ክፍት ይተዋል? ቢደማ ለስንት ደቂቃ ልጫን? የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? (ጋሼ የላቸውም፤ ያለው ሰው ግን ደም ለማቆም የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ስላለ አስቀድሞ መናገር አለበት።) እኛ የጨመርነው የቤቱን ነገር ነው፦ የነጭ ሽንኩርት ክኒኑን፣ ቁስል ላይ የሚደረገውን ፌጦ። እነዚህን ካልነገራችሁት ቻትቦቱ ከየት ያመጣዋል? ነርሷም ካልነገራችኋት አታውቅም። ፌጦው ክልክል ሆነ፤ በምትኩ ቫዝሊንና ንጹህ ፋሻ።

የቁስል ፎቶ ልካችሁ «ካንሰር ነው?» አትበሉት። ስለ ቆዳ ካንሰር የተጻፈው አብዛኛው ስለ ነጭ ቆዳና ስለ ፀሐይ ነው፤ ለእኛም «ፀሐይ በዝቶብዎት ነው» ብሎን ነበር። ጥቁር ቆዳ ላይ ይህኛው ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከድሮ ጠባሳና ከማይድን ቁስል ነው።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጠሮ ሲያዝ ጠይቁ። ስልካችሁን በአስተርጓሚ ቦታ ይዛችሁ አትግቡ።

ቀኑ ደረሰ። ጋሼ ወረቀታቸውን አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው አሥሩንም አንድ በአንድ ጠየቁ። ነርሷ አልሰለቸችም። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉና የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ፤ ማናችንም ያላሰብነውን። «ስግደትስ እችላለሁ?» አስተርጓሚዋ ስግደት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ወለሉ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ነርሷ ሳቀችና «ስፌቱ እስኪወጣ ቆመው ይጸልዩ» አለች።