የቴሌፎቶ ዙም ሌንስ የመልክዓ ምድር ፎቶ ሲያደበዝዝ፦ ችግሩና መፍትሄው

በሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ቆሞ የሩቅ ሸንተረሮችን በቴሌፎቶ ዙም (ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይና የማጉላት መጠኑ በሚለዋወጥ ሌንስ) በ200 ወይም በ400 ሚሊ ሜትር (ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁ ይበልጥ ይጎላል) ያነሳ ሰው፣ ፎቶውን በኮምፒውተር አጉልቶ ሲያየው ደብዝዞ ካገኘው ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው ሌንሱን ነው። ሌንስ ከሌንስ ማወዳደር ተገቢ የሚሆነው ግን የድብዘዛው ምንጭ ከተለየ በኋላ ነው፤ የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ቢገዛ የማይለቁ ችግሮች አሉ፣ የሚበዙትም እነሱ ናቸው።

ፎከሱ ሩቁ ላይ ሆኖ ሳለ ሩቁ ሲደበዝዝ

ጥፋቱ በአብዛኛው የአየሩ ነው። ፀሐይ ያሞቀው ገደል በላዩ ያለውን አየር ያርገበግበዋል፤ በቀትር አስፋልት ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ለማረጋገጥ ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አስሮ፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አፍጥኖ፣ በርከት ያሉ ፎቶዎችን በተከታታይ ማንሳትና እያፈራረቁ ማየት ይበቃል፤ የሸንተረሩ ጠርዝ ከፎቶ ወደ ፎቶ ቅርጹን ከቀያየረ ሌንሱ ነጻ ነው። መፍትሄው ገደሉ ሳይሞቅ በማለዳ ማንሳት ነው። የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ200ው የባሰ የሚመስለው መርገብገቡን በእጥፍ አጉልቶ ስለሚያሳይ እንጂ ደካማ ስለሆነ አይደለም።

ጠርዙ ሳይዛባ ምስሉ ሰማያዊ ቀለም ለብሶ ከፈዘዘ ደግሞ ምክንያቱ ጭጋግ ወይም አቧራ ነው። ዝናቡ አየሩን ካጠበ በኋላ ያሉት ጥቅምትና ኅዳር ከበጋው ማብቂያ ይሻላሉ። ፖላራይዘርም (ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ማጣሪያ) ፀሐይ በጎን በኩል ስትሆን ይረዳል፤ ብርሃን ስለሚቀንስ ግን ሻተሩን ያዘገያል፣ ይህም ወደ ቀጣዩ ችግር ይመራል።

ሁሉም ነገር በአንድ አቅጣጫ የተጎተተ ሲመስል

ይህ የንቅናቄ ምልክት ነው። አፋፍ ላይ ነፋስ አይጠፋም፤ ረጅም ሌንስ ላይ የተገጠመ የፀሐይ መከላከያ ደግሞ ነፋሱን እንደ ሸራ ይቀበለዋል። ፀሐይ በቀጥታ ሌንሱን ካልመታችው መከላከያውን ማውለቅ፣ የትራይፖዱን መካከለኛ ዘንግ ዝቅ ማድረግ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር ማንሳትና አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት መጠን) ወደ 400 ወይም 800 ከፍ አድርጎ ሻተሩን ማፍጠን ያስፈልጋል። ከባድ ሌንስ ትራይፖዱ ላይ መታሰር ያለበት በራሱ ቀለበት (ሌንሱን ዙሪያውን በሚይዝ ማሰሪያ) እንጂ በካሜራው አካል አይደለም፤ የካኖን ኢኤፍ 70-200 ኤፍ 4 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ቀለበት ግን ለብቻው የሚሸጥ ስለሆነ ዋጋ ሲነጻጸር መቆጠር ይኖርበታል። በቆዩ ሌንሶች ላይ የንቅናቄ መከላከያው ትራይፖድ ላይ ሲሆን ራሱ ንቅናቄ ሊፈጥር ስለሚችል መጥፋት አለበት።

የፊቱ ጅባራ (የደጋው ረጅም ተክል) ሲደበዝዝ

በፉል ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነ)፣ በ200 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 8፣ 167 ሜትር አካባቢ ላይ ፎከስ ቢደረግ የሚጠራው ከ83 ሜትር ወዲያ ያለው ነው፤ በ400 ሚሊ ሜትር ፎከሱ ራሱ ወደ 667 ሜትር ስለሚርቅ መነሻው 333 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ 20 ሜትር ላይ ያለ ጅባራ ከሩቁ ተራራ ጋር በአንድ ፎቶ አይጠራም። ወደ ኤፍ 22 መዝጋት ብርሃኑን በትኖ ሙሉ ምስሉን ስለሚያለሰልስ አይመከርም፤ አንዱን በጅባራው፣ ሌላውን በተራራው ላይ ፎከስ አድርጎ ሁለቱን ማዋሐድ ይሻላል።

አንድ ጎን ብቻ ሲደበዝዝ

እዚህ ላይ በእርግጥ የሌንሱ ጥፋት ነው፤ የውስጥ መስታወቱ ከመሐሉ ፈቀቅ ብሏል። አንድን ሩቅ ሸንተረር በኤፍ 5.6 በግራ ጥግ፣ ቀጥሎ በቀኝ ጥግ አድርጎ ማንሳት ያጋልጠዋል። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ይህን ሳይፈትሽ ገንዘቡን መክፈል የለበትም።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ሌንስ መቀየር ካስፈለገ

ለመልክዓ ምድር ኤፍ 2.8 ትርፍ ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራው የሚሠራው በኤፍ 8 አካባቢ ነውና። የካኖን ኢኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 ሦስተኛው ስሪት 1,480 ግራም ሲመዝን የኤፍ 4 ሁለተኛው ስሪት 780 ግራም ነው፤ ከ3,900 ሜትር በላይ ወዳለው የሰሜን ተራሮች አፋፍ እሜት ጎጎ በእግር ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ ይሰማል። 400 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ደግሞ ባለ 635 ግራሙን የካኖን አርኤፍ 100-400 መናቅ አይገባውም፤ በ400 ጫፉ ላይ ከኤፍ 8 በላይ አይከፈትም፣ ትራይፖድ ለሚይዝ ግን ይህ አያስቸግርም። በ70-200 ላይ ኤክስቴንደር (በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ማጉያ) ጨምሬ 400 እደርሳለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ሌንሱ መቀበሉን ይጠይቅ፤ የካኖን አርኤፍ 70-200 ኤፍ 4 አይቀበልም።