የጨረቃን ቀን ሳይቆጥሩ ወደ ባሕር መውረድ፦ የሞምባሳና የዲያኒ ተጓዦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ የሚነሱ ሙስሊም ቤተሰቦችን ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ የሚወስድ ጉዞ ሳስተባብር ቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ሆቴል ነው። ባለ ስንት ኮከብ ነው፣ ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል፣ ዋጋው ቁርስን ይጨምራል ወይ ይሉኛል። «በዚያ ሳምንት ባሕሩ የሚሞላው በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ጉዞው በአልጋው ዙሪያ ይታቀድና ባሕሩም ሶላቱም ከአልጋው በተረፈው ሰዓት እንዲገቡ ይጠበቃል፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚሁ ነው።

ከሁሉ የከፋው ባሕርን እንደ ሐይቅ መቁጠር ነው። የሐይቅ ዳር ጠዋት ባዩት ቦታ ማታም ይገኛል። የህንድ ውቅያኖስ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በሞምባሳ አካባቢ ጨረቃ በምትወለድበትና በምትሞላበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለው በዲያኒ ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሚሄድ የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ከባሕር ውስጥ የበቀለ የድንጋይ አጥር ስላለ፣ ውኃው ሲጎድል ሲዋኝበት የነበረው ቦታ ሰው በእግሩ የሚራመድበት ድንጋያማ ሜዳ ይሆናል። ይህን ያልሰማ ሰው በማስታወቂያ ላይ ያየውን ሰማያዊ ውኃ ፈልጎ ረፋድ ላይ ሲወርድ የሚያገኘው እርጥብ አሸዋና የባሕር ሣር ነው፤ «ተታለልን» ብሎ ስልክ የሚደውለውም ያን ጊዜ ነው።

መደወሉስ ይሁን፤ የሚያስቆጣኝ በነጠላ ጫማ ወደ ሪፉ መሄዱ ነው። አንድ ጊዜ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ቤተሰብ ትንንሽ ዓሦችን እያየ፣ ልጆቹም ከኩሬ ወደ ኩሬ እየዘለሉ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ውኃው ከበስተኋላው እየሞላ መምጣቱን ያወቀው መመለሻው መንገድ ጉልበት ሲደርስ ነበር። የሪፉ ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ ውኃው መጀመሪያ የሚሞላው በዳርቻውና በሪፉ መካከል ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ በደረቅ ድንጋይ ላይ የቆመ ሰው መከበቡን አያይም። እናትየው የለበሱት የጥጥ ዐባያ ውኃ ጠጥቶ ስለከበደ መራመድ አቃታቸው፤ ታላቁ ልጅ የባሕር ጃርት ረግጦ ጥቋቁር እሾሆች ተረከዙ ውስጥ ተሰባብረው ቀሩ። በመጨረሻ አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ አመጣቸው። አያትየው ከዘራቸውን አሸዋው ላይ ተክለው «የእኛ አገር ወንዝ ጀውሃ እንኳ ሲሞላ ከሩቅ ይጮኻል፤ ይኼ ምን ዓይነት ውኃ ነው ድምፅ የሌለው?» አሉ። እኔ ግን የባሕሩን የሰዓት ሠንጠረዥ ከመነሳታቸው በፊት ልኬላቸው ስለነበር ለማዘንም ለመቆጣትም አልቻልኩም።

ሠንጠረዡን ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው በሂጅራ አቆጣጠር ቀኑን ማወቅ ይበቃዋል፤ ይህ ደግሞ ከወሩ 13ኛውን፣ 14ኛውንና 15ኛውን ቀን መጾም ለለመደ ምእመን እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕሩ ክፉኛ የሚሞላውና ክፉኛ የሚጎድለው ወሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና በ15ኛው ዙሪያ ነው። በእነዚያ ቀናት በኬንያ ዳርቻ ጉድለቱ ረፋድ ላይ፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይውላል፤ ሙላቱ ደግሞ ከቀትር በኋላ፣ በዐስር ሶላት ሰሞን ይመጣል። ስለዚህ ሪፉን ለማየት የመጣ ሰው እነዚህን ቀናት ይምረጥ፣ ከአካባቢው አስጎብኚና ጠንካራ ሶል ካለው ጫማ ጋር ይሂድ፣ ባሕሩ መመለስ ሲጀምር ሳይዘገይ ወደ ዳር ይውጣ፤ የዙህር አዛን ሪፉ ላይ ሊያገኘው አይገባም። ልጆች ይዞ ለመዋኘት ለሚፈልግ ከወሩ 8ኛውና 23ኛው ቀን አካባቢ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ረፋድ ላይም ውኃው ሞልቶ ይገኛል። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ስለሚገፋ የመጀመሪያው ቀን ሰዓት ለሁሉም ቀን አይሠራም።

ሁለተኛው ስህተት «ሃላል ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» ሲሉት ዝም ማለት ነው። እኛ አገር ያደግነው «የማን ሥጋ ነው?» እያልን ስለሆነ ጥያቄያችን ሁሉ እርዱ ላይ ያልቃል። የሞምባሳ አሮጌው ከተማ ለዘመናት የሙስሊሞች መኖሪያ የሆነ ሰፈር ነው፤ የማንድሪ መስጊድ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል፤ ፒላውና ቢሪያኒ የሚሸጡት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ዘንድ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አሳሳቢው በባሕሩ ዳር ለአውሮፓ እንግዶች የተሠራው ትልቅ ሆቴል ነው። እዚያ ዶሮው በሙስሊም እጅ የታረደ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጠዋት የአሳማ ሥጋ በተጠበሰበት መጥበሻ ላይ እንቁላልዎ ይጠበሳል፣ የዓሣው ስጎም ወይን ጠጅ ይገባበታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስለ መጥበሻው፣ ስለ ዘይቱና ስለ ስጎው ነው፤ መልሱንም ከእንግዳ ተቀባይ ሳይሆን ከወጥ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ይቀበሉ። ለቤተሰብ ከዚህም የሚሻለው ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራይቶ፣ ዓሣውን ከአጥማጆቹ ገዝቶ፣ የአካባቢውን ምግብ አብሳይ መቅጠር ነው። ሽሪምፕና ሸርጣን በብዙ መዝሀቦች (የእስልምና የሕግ መንገዶች) ሲፈቀዱ የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ከባሕር የሚበላው ዓሣ ብቻ ነው ስለሚሉ፣ ማዕዱ ላይ ከመከራከር አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር መስማማት ነው።

ለውዱእ የታሸገ ውኃ በካርቶን መሸከም አያስፈልግም፤ የባሕር ውኃ ንጹሕ ስለሆነ ለውዱእ ይበቃል። ስለ ቂብላም (የሶላት አቅጣጫ) ጭንቀቱ ከመጠን ያለፈ ነው፤ መካ፣ ሸዋ ሮቢትና ሞምባሳ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአንድ መስመር ላይ የተደረደሩ ያህል ስለሆኑ እዚያም እንደ አገርዎ ወደ ሰሜን ይሰግዳሉ። የዲያኒ ባሕር በምሥራቅ ስለሆነ፣ በቀኝ እጅዎ በኩል ካደረጉት በቂ ነው። ጁምዓ በዲያኒ ከሆኑ የምዋቼማ ወንዝ ከባሕሩ በሚገናኝበት ቦታ፣ በግዙፍ የባኦባብ ዛፎች መካከል የሚገኘውን ጥንታዊውን የኮንጎ መስጊድ እንዲያዩ እመክራለሁ።

የወቅት ምርጫ ላይ ብዙ ሰው የልጆችን የክረምት እረፍት ይከተላል። ሐምሌና ነሐሴ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ የሚነፍስበት ጊዜ ስለሆነ ባሕሩ ይናወጣል፣ የባሕር ሣርም ዳርቻው ላይ ይከመራል፤ ይሁን እንጂ ዓሣ ነባሪዎች በዚያ ዳርቻ የሚያልፉት ያኔ ነው። ጥርት ያለ ውኃ የሚፈልግ ሰው ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ የፈረንጆች ዓመት መለወጫ ሳምንት ግን በባሕሩ ዳር ሙዚቃውና መጠጡ የሚበዛበት ስለሆነ ይለፈው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚቀድም ከጉዞው ጋር መጋጨቱን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ማየት ነው። ሚያዝያ አጋማሽና ግንቦት ዝናብ ነው፤ ይቅርብዎ።

ተፈጥሮን ለማየት ሄዶ ተፈጥሮን መጉዳት ሌላው ነው። ጣርማ በር ላይ መኪና አቁሞ ለጭላዳ ዳቦ መወርወር የለመደ ሰው በዲያኒም እጁ አያርፍም። የዲያኒ ጉሬዛ ቅጠል በል ስለሆነ ዳቦ ሆዱን ያውከዋል፤ ሌሎቹ ጦጣዎች ደግሞ አንዴ ከተመገቡ በኋላ ከሕፃን እጅ መንጠቅ ይጀምራሉ። በአስፋልቱ ላይ ከዛፍ ዛፍ የተዘረጉትን የገመድ ድልድዮች ቀና ብለው ቢያዩ ጉሬዛዎቹ መኪናን ሸሽተው ሲሻገሩ ያገኟቸዋል። ኮከብ ዓሣን ለፎቶ ከውኃ አያውጡ፤ ዛጎልና ኮራል ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት በሕግ ያስጠይቃል። ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ ዶልፊን ለማየት የሚሄድ ሰው ዳርቻው ላይ በርካሽ ከሚጠሩት ጀልባዎች ይልቅ ፈቃድና የሕይወት ጃኬት ያላቸውን ይምረጥ፤ በዚያው መንገድ የሙስሊሞች መንደር በሆነችው በዋሲኒ ደሴት ምሳ መብላትና የመንደሩ ሴቶች በሚያስተዳድሩት የእንጨት መተላለፊያ ላይ መራመድ ይቻላል። የመንዝ ጓሳን ሕዝቡ እንዴት እንደጠበቀው የሚያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው የባሕር ዳርቻው ነዋሪ የሆኑት የሚጂኬንዳ ሕዝቦች እንደ ቅዱስ ቦታ የጠበቋቸውን የካያ ደኖች ሳያይ መመለሱ ያስቆጨኛል። በ2000 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፤ ለዲያኒ ቅርብ የሆነው ካያ ኪኖንዶ በአስጎብኚ ይጎበኛል።

ፌስታል! ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላዋለች፤ እኛ ግን በሶውንም ጫማውንም በፌስታል ጠቅልለን እንጭናለን። የጨርቅ ከረጢት ያዘጋጁ። በፓርኮች ውስጥ አንዴ ተጠቅመው የሚጣሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችም የተከለከሉ ስለሆነ የሚሞላ ኮዳ ይያዙ።

ሴቶች ለባሕር የጥጥ ልብስ አይምረጡ፤ ቶሎ የሚደርቅ ቀላል ጨርቅ ይሁን። በሞምባሳ የሕዝብ ዳርቻዎች ሙሉ ልብስ ለብሶ መግባት የተለመደ ነው፤ የሆቴል ገንዳ ግን የየራሱ ደንብ ስላለው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በአምስት ቀን ሞምባሳን፣ ዲያኒን፣ ዋታሙን፣ ላሙንና ጻቮን ለማየት ማቀድ ቀኑን ሁሉ መኪና ውስጥ ማሳለፍ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያኑሩት። የሸዋ ሮቢት ሰው ወባን ያውቃታል፤ የደብረ ብርሃን ሰው ግን አጎበርና መከላከያ መድኃኒት ሲባል ይስቃል፤ ዳርቻው ግን ወባማ ነው። የኬንያ የመግቢያ አሠራር በ2016 ዓ.ም. ተለውጦ ከዚያም በኋላ ስለተሻሻለ ከመነሳትዎ በፊት የአገሪቱን የኢምግሬሽን ድረ ገጽ ይመልከቱ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት ስለሚያጋጥሙ፣ በረራው ጠዋት ይሁን ማታ፣ ከዋዜማው አዲስ አበባ ገብተው ይደሩ።