ባልና ሚስት በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሳይክል ሲንሸራሸሩ

ባልና ሚስት አብረው በሳይክል ለመንሸራሸር ሲያስቡ በመጀመሪያ የሚያሳስባቸው የጉልበት ነገር ነው። እኔና ባለቤቴ ግን በደብረ ብርሃን የውስጥ ለውስጥ መንገዶችና በዙሪያዋ ባሉት ገጠሮች ስንነዳ ከደረሱብን ገጠመኞች የተረዳነው፣ ሽርሽሩን የሚያደናቅፈው የጉልበት ማነስ ሳይሆን አለባበስ፣ በደንብ ያልጠበቀ ብሎንና አለመደማመጥ መሆኑን ነው።

አስቀድሞ ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን ለመያዝ አይታዘዝም። ስለዚህ ፀሐይ እስክትሞቅ ቆይቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መውጣት ይሻላል። ሲሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ ሲመለሱ ከጀርባ እንዲገፋ የሚያደርግ አቅጣጫ ቢመረጥ፣ ድካም በሚበረታበት ሰዓት ነፋሱ ያግዛል። ከቆላ የመጣ እንግዳ አብሮ ከሆነ አየሩ ስለሚሳሳበት ቶሎ ቢያለከልክ አያስደንቅም፤ በየመሐሉ ያሳርፉት።

ብርዱን ፈርቶ ጋቢ ደርቦ መውጣት በእኛ አካባቢ የተለመደ ቢሆንም፣ ጋቢና ሳይክል አይስማሙም። ባለቤቴ አንድ ቀን ጋቢውን እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ወደ በሬሳ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ስንደርስ ነፋሱ የጋቢውን ጫፍ አንሥቶ መልሶ ሲጥለው ዘርፉ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ገባ። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ጋቢው ከትከሻው እየተሳበ እሱንም ወደ ጎን ያጎብጠው ጀመር፤ በመጨረሻም አንድ እጁ መሪውን፣ አንድ እጁ ጋቢውን እንደያዘ ቆመ። አህዮች እየነዱ ያልፉ የነበሩ አንድ አባት «ልጄ፣ ጋቢህን ማን ነው የሚቀማህ?» ብለው ጠየቁትና ቀማኛው ሳይክሉ መሆኑን ሲያዩ እየሳቁ ሊያግዙን መጡ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ጨርቁን በጉልበት መሳብ አይገባም፤ ጨርቁም ይቀደዳል፣ ካቴናውም ይወልቃል። አንዳችሁ ሳይክሉን ከኮርቻው ሥር ይዛችሁ የኋላ ጎማውን ከመሬት ከፍ ስታደርጉ፣ ሌላችሁ ፔዳሉን በእጅ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ አዙሩ፤ ጨርቁ በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ጋቢው ሲወጣ የጥርሶቹ ምልክት በነጩ ፈትል ላይ እኩል እኩል ተራርቆ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ታትሞበት ነበር። የግራሶ ቆሻሻ ውኃ ሳይነካው በፊት ፈሳሽ ሳሙና ቀብቶ፣ ጥቂት አቆይቶ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃ ማጠብ ይጠቅማል። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ጃኬት ይለብሳል፤ እኔም ነጠላዬን ቤት ትቼ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ እለብሳለሁ። ካቴናው ያለው በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኝ እግር ሱሪን ጫፍ ካልሲ ውስጥ መክተት መዘንጋት የለበትም።

ከቤት ሳትወጡ የጎማውን ነፋስ በአውራ ጣት ተጭናችሁ፣ ፍሬኑን ጨብጣችሁ፣ ፔዳሎቹን ወዘወዝ አድርጋችሁ ፈትሹ። በፔዳል ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ለማስታወስ የሚቀለው፣ የቁልፉን እጀታ ወደ ላይ አቁሞ ወደ ፊተኛው ጎማ አቅጣጫ መግፋት ነው፤ በዚህ አኳኋን ሁለቱም ይጠብቃሉ። ለአብዛኞቹ የሚሆነው 15 ቁጥር ቁልፍ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ የግራውን «አጥብቀን» ወጣንና፣ ኮብልስቶኑ ላይ ከእግሬ ሥር ወልቆ እየነጠረ ቁልቁል ሲወርድ የሠፈር ልጆች እንደ ኳስ አባረው ይዘው አመጡልኝ።

በመንገድ ላይ ዝግ ብሎ የሚነዳው ከፊት ይሁን። ፈጣኑ ከቀደመ፣ ሳያውቀው ርቆ ይሄዳል፤ የኋለኛው ድምፅም ነፋስ ወስዶት አይሰማም። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ከፊት ሆኖ ስለ ገብስ ዋጋ እያወራኝ ሲሄድ፣ የእኔ ካቴና ወልቆ ለመመለስ ወርጄ ነበር። እሱ ግን ወሬውን ሳያቋርጥ ሄዶ «አይመስልሽም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ልክ ነህ፣ በጣም ተወዷል» ብሎ የመለሰለት ከማሳው ዳር የቆመ ገበሬ ነው። አሁን ሁለታችንም መሪያችን ላይ ደወል አለ፤ አንድ ጊዜ ሲደወል «ዝግ በል»፣ ሁለት ጊዜ ሲደወል «ቁም» ማለት ነው። ምልክቱን ቤት ሳላችሁ ተስማሙበት።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከባድ መኪና ስለሚበዛበት ለሽርሽር አይመከርም፤ መሻገር ግድ ከሆነ ወርዶ እየገፉ መሻገር ነው። ቁልቁለት ላይ የኋላውን ፍሬን አስቀድሞ መያዝ፣ የፊቱን ለብቻው አጥብቆ አለመያዝ ተገቢ ነው። ውሻ ሲመጣ ደግሞ አትሽሹ፤ ወርዳችሁ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ።

በጎች ሲሻገሩ ክፍተት አገኘን ብላችሁ አትግቡ። አንዷ ከተሻገረች የቀሩት መከተላቸው አይቀርም፤ መሐላቸው የገባ ሳይክል መውጫ ያጣል። ሁለታችሁም እግራችሁን መሬት አስነክታችሁ፣ እረኛው የመጨረሻዋን በግ እስኪያሻግር ጠብቁ፤ ሰላምታ ከሰጣችሁት የቀረውን ራሱ በጅራፉ ይከለክልላችኋል።