የጋራ መብራትና ውሃ ሂሳብ፦ ተከራይን ከተከራይ የሚያቀያይሙ ስህተቶች

በአንድ ቆጣሪ ሥር የሚኖሩ ተከራዮችን ሂሳብ ለዓመታት ሳካፍል ብዙ ኩርፊያ አይቻለሁ። በኪራይ የተኳረፈ ግን ትዝ አይለኝም፤ ኪራይ ቁርጥ ነው። ጣጣው ያለው ወር በመጣ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚለው ላይ ነው።

ንባብ ሳይመዘግቡ መግባት። ቁልፍ የምትቀበሉ ዕለት ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በቃ።

መብራትን በሰው ቁጥር ማካፈል። ውሃ እንኳ በሰው ቢካፈል ያስኬዳል፤ መብራት ግን የሚቆጥረው ዕቃውን ነው። 2,000 ዋት የሆነ ማሞቂያ በአንድ ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 10 ዋት አምፖል ያንን ያህል ለመብላት 200 ሰዓት መብራት አለበት። ኮሪደር ላይ «አምፖል አጥፉ» ብሎ የሚለጥፈው ሰውዬ፣ ብዙ ጊዜ ማሞቂያው የሚገኘው እሱው ክፍል ነው!

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በየክፍሉ ቆጣሪ ይገባል፤ አንዱ ይደምርና 270 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል፤ ዋናው ቆጣሪ 300 ይላል፤ ወዲያው «ሌባ አለ!» ኧረ በሕግ! የደረጃው መብራትና የውሃው ፓምፕ በማን ቆጣሪ ያለፉ መሰላችሁ? ደግሞስ ዋናው ወር በገባ በ1 ተነቦ የክፍሎቹ በ6 ከተነበበ እንዴት ሊገጥም ይችላል? ሁሉንም በአንድ ቀን አንብቡ። ከዚያም የየክፍሉን መስመር አጥፉና ዋናውን ተመልከቱ፤ አሁንም ከቆጠረ የሚበላው ነገር ከክፍሎቹ ውጪ ነው። ትርፏን 30 እንዴት እንደምትካፈሉ ገና ስትገቡ ተስማሙ።

ስለ ሌባ ካነሳሁ አይቀር የራሴን ልናዘዝ። ሦስት ቤተሰብ ባለበት ግቢ የውሃው ሂሳብ ድንገት አሻቀበ። ልብስ ማጠብ የምታበዛ አንዲት ተከራይ ነበረችና ጣቴን ወደ እሷ ቀሰርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ሳታጉረመርም ጨምራ ከፈለች። በኋላ አንድ ሌሊት ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ሲዞር አየሁት። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ያለው ማጠራቀሚያ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አደረግሁ፤ ውሃ ሳልለቅ ትንሽ ቆይቼ ሳይ መቀመጫው ቀልሟል። ያረጀች ጎማ ድምፅ ሳታሰማ ታፈስ ነበር። ገንዘቡን መለስኩላት። ፊቷን ማየት ግን ለብዙ ጊዜ ከበደኝ።

የመብራት ታሪፉ በእርከን በሆነበት ቦታ፣ ማለትም ብዙ በተበላ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በሚወደድበት፣ ሌላ ክርክር አለ፦ «እኔ የበላሁት 60 ብቻ ነው፤ በርካሹ እርከን አስሉልኝ» የሚል። ርካሹን እርከን ሁሉም ለየራሱ ከወሰደው ውዱን ማን ይከፍላል? ቆጣሪው አንድ ነው፤ ፍጆታው ተደምሮ ነው ወደ ላይኛው እርከን የወጣው። መጀመሪያ ቋሚውን የአገልግሎት ክፍያ ለይታችሁ በቤት ቁጥር እኩል አካፍሉ፤ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም የሚመጣ ነውና። የቀረውን ለጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉና በሚወጣው አማካይ ዋጋ ሁሉም የበላውን ያህል ይክፈል።

ደረሰኙን ደብቆ ድምሩን ብቻ መናገርም አለ። ሐቀኛ ብትሆኑ እንኳ ያስጠረጥራችኋል።

የመጨረሻው የሚለቅ ሰው ነው። ሂሳቡ የሚመጣው እሱ ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው። በሚወጣበት ቀን አብራችሁት አንብቡ፤ ባለፈው ወር አማካይ ዋጋ አስሉና በሩ ላይ ተቀበሉት።