ቀለም ተቀብቶ በወራት የሚያብጥ መኪና፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ 20 ወይም 30 ዓመት ያገለገለ መኪና ላላችሁ ነው። ዲኤክስ፣ የድሮ ኮሮላ፣ ላዳ፣ ቮልስ ለምትነዱ። መኪናችሁ አብረቅርቆ ከጋራዥ ወጥቶ ከወራት በኋላ ቀለሙ ሲበላሽ ከየት እንደመጣ እንድታውቁ ነው። መኪናው ታጥቦ መድረቅ እንዳለበት፣ መስታወቱና ጎማው እንደሚሸፈን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ምልክት፦ ከበሩ ታች፣ ከፓራፋንጎው ጫፍ ወይም ከኋላ ጎማው ቅስት እብጠት ይወጣል

እኔ ጋራዥ ከሚመጡት አሥር አሮጌ መኪኖች ሰባት ስምንቱ በዚህ ነው የሚመጡት። መጀመሪያ የምስር ፍሬ ታክላለች። ስትጫኗት ትሰነጠቅና ቡናማ ውሃ ታወጣለች። ክረምቱ ሲያልፍ መዳፍ ታክላለች።

ሰው ሁሉ "ቀለሙ አይረባም" ይላል። ቀለሙ ምንም አላጠፋም። ዝገቱ የመጣው ከውስጥ ነው። በር ውስጡ ባዶ ነው። የዝናብ ውሃ በመስታወቱ ጎማ በኩል ይገባል። ፋብሪካውም ይህን ስለሚያውቅ ከበሩ ታች ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ሠርቷል። ቀዳዳዎቹ በአቧራና በጭቃ ይደፈናሉ። ውሃው እዚያው ተኝቶ ይከርማል፣ ላሜራውም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። እብጠቱን ከውጭ ስታዩት ውስጡ አልቋል። ፓራፋንጎም እንዲሁ ነው። ጎማው የረጨው ጭቃ ከኋላው ይከማችና እርጥበት ይዞ ይቆያል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የሰው ነው። ዝገት ቆርጦ ማውጣት ቀናት ይፈጃል። ጉድጓድ የሚሞላበት ስቱኮ ግን በ20 ደቂቃ ይደርቃል። ስለዚህ ዝገቱ ላይ ስቱኮ ይለጠፋል፣ ይፋቃል፣ ይቀባል። ስቱኮ እርጥበት ይጠጣል። ከኋላው ቀዳዳ ካለ ውሃውን ይመጥና ከብረቱ ይለቃል፤ ቀለሙንም ይዞት ይነሳል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዲኤክሳቸውን ይዘው መጡ። ለልጃቸው ሠርግ ብለው ሌላ ቦታ ሙሉ ቀለም አስቀብተውታል። አራት ወር አልሞላውም። የአራቱም በር ታች አብጧል። "ጋሼ፣ ልፈልቅቀውና ይዩት?" አልኳቸው። "ፈልቅቀው ልጄ" አሉኝ። የኋላውን ቅስት በመፋቂያ ስነካው ስቱኮው እንደ ቂጣ ተገነጠለ። ውፍረቱ ጣት ያህላል። ከሥሩ የወንፊት ሽቦ ወጣ። ከሽቦው ጀርባ የተጠቀጠቀ ካርቶን። ካርቶኑ እርጥብ ነበር። ጋሼ ከእጄ ተቀብለው ብዙ ቆመው አዩት። አንድም ቃል አልተናገሩም። ያ ገንዘብ ከጡረታ ብር ላይ እየተቀነሰ የተጠራቀመ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መፍትሄው አንድ ነው። የበሰበሰው ላሜራ ንጹህ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ ይወጣል። ከሚታየው ዝገት ሁለት ሦስት ጣት አልፋችሁ ቁረጡ። አዲሱ ላሜራ በልኩ ይቆረጥና ይበየዳል። ቀጭን ላሜራ ባንድ ትንፋሽ ከተበየደ ይጣመማል። ነጥብ በነጥብ፣ እያቀዘቀዛችሁ ሂዱ። ከተሞረደ በኋላ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ብረቱን ከዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቅብ፣ በውጭም በውስጥም ይቀባል። ሁሉም የሚረሳው የውስጡን ነው። እሳት ያቃጠለው ብረት ከጀርባው ራቁቱን ከቀረ ዝገቱ በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ይሄ እኔም በጀማሪነቴ የሠራሁት ስህተት ነው፤ ያበላሸሁትን በር በነጻ ደግሜ ሠርቼ መልሻለሁ። መገጣጠሚያው ይታሸጋል። ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም በስሱ። እኔ ከ3 ሚሊ ሜትር አላሳልፍም። ከዚያ በላይ ከፈለገ ላሜራው ገና አልተቃናም ማለት ነው፤ ወደ መዶሻው ተመለሱ።

የስቱኮው ማድረቂያ ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። "ቶሎ ይድረቅ" ብሎ መጨመር ኋላ ላይ ቀለሙን ዘልቆ የሚወጣ እድፍ ያመጣል። ስቱኮን በውሃ አትፋቁ። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ፣ በ180 አልፋችሁ፣ በ320 ጨርሱ፤ ሁሉንም በደረቁ። በውሃ መፋቅ የሚመጣው በኋላ፣ ፕራይመሩን ስትፍቁ ነው።

ብየዳ ላይ ደግሞ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ባትሪ ፍቱ። የበሩን የውስጥ ሽፋን አውጡ፣ በእሳት ይያያዛል። የኋላውን ቅስት ስትነኩ ታንኩና የነዳጁ መስመር የት እንዳለ እዩ። ታንኩ ሳይወርድ ከአጠገቡ አትበይዱ። "ባዶ ነው" አትበሉ። የሚፈነዳው ተኑ ነው፣ ባዶ ታንክ ደግሞ በተን የተሞላ ነው።

የበሩ ታች ሙሉ በሙሉ ካለቀ መጠጋገኑን ተዉት። እንደ ሶማሌ ተራ ካለ የመኪና ዕቃ ገበያ ያገለገለ በር ፈልጉ። ስትሄዱ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ያዙ። ጥሩ ላሜራ ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። የሚንሸራተት ወይም የሚወድቅ ከሆነ ሥሩ ስቱኮ ነው። አሮጌ መኪና ስትገዙም ይህንኑ አድርጉ። አዲስ ፓራፋንጎ ስትገዙ በአውራ ጣት ተጫኑት። የሚጎደጉድ አለ። የብሎን ቀዳዳው የማይገጥም አለ። እንዲህ ያለውን ለማስተካከል የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ርካሽ የተባለውን ዕቃ ውድ ያደርገዋል። ጥቁሩን ሽፋኑን ደግሞ ሳትፍቁ አትቀቡበት፣ ይላጣል።

ስንት ቀን፣ ስንት ገንዘብ?

በብር አልጽፍም። ዋጋው በየወሩ ይለወጣል። የመምህሩ ዲኤክስ 16 ቀን ወሰደ። ቆርጦ መበየዱ 8 ቀን፣ ስቱኮና ፕራይመሩ ከመፋቁ ጋር 4 ቀን። ቀለሙን መርጨት አንድ ቀን ብቻ ነበር። የቀረው ማድረቅ፣ መገጣጠምና ፖሊሽ ነው። ለእንዲህ ያለ ትንሽ መኪና የውጭ አካል 3 ሊትር ያህል ለመርጨት የተዘጋጀ ቀለምና 2 ሊትር ያህል ክሊር (ቀለሙ ላይ የሚረጨው ቀለም የለሽ አብረቅራቂ ሽፋን) ይበቃል። ስለዚህ ሂሳቡ ያለው እጅ ሥራው ላይ ነው። "በሦስት ቀን አስረክባለሁ" ያላችሁን ሰው የትኛውን ሥራ እንደሚዘል ጠይቁት። ስቱኮ ከመለጠፉ በፊትም ሄዳችሁ ላሜራውን በዓይናችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ደህና ባለሙያ በዚህ አይቆጣም።

የበሩን የውሃ መውጫ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ በቀጭን ሽቦ ክፈቱት። አምስት ደቂቃ ነው።

ምልክት፦ ቀለሙ ሲረጭ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል

ላሜራው ላይ ቅባት ወይም ሲሊኮን አለ፤ ካልሆነ ኮምፕረሰሩ ዘይትና ውሃ እየተፋ ነው። የኮምፕረሰሩን ውሃ በየጠዋቱ አፍስሱ። ደንበኞች ደግሞ፣ ለቀለም የምታመጡትን መኪና በሚያብረቀርቅ ዘይት አትወልውሉ። አንድ ወጣት ላዳውን እንዲያምር ብሎ እንዲህ አድርጎ አምጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ስናጸዳ ከረምን። ጉድጓዱ ከታየ ላዩ ላይ አትደርቡ። ይድረቅ፣ ይፋቅ፣ እንደገና ይረጭ።

ምልክት፦ አዲሱ ቀለም እንደ ቆዳ ይጨማደዳል

ሥሩ ያለው አሮጌ ቀለም ኒትሮ፣ ማለትም ደርቆም በቲነር የሚሟሟ የድሮ ዓይነት ቀለም ነው፣ ወይም በደንብ ሳይደርቅ የተደረበ ነው። የአዲሱ ቲነር አሟሟው። ሳትጀምሩ በፊት ጨርቅ ቲነር ነክራችሁ አሮጌውን ቀለም እሹት። ጨርቁ ላይ ከለቀቀ ተፍቆ ይውጣ።

ምልክት፦ ቀለሙ ደርቆ ጭጋግ መሰለ

በዝናብ ቀን ተረጭቷል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደጅ አታስቀቡ። ኦቨን (ቀለም የሚረጭበትና በሙቀት የሚደርቅበት ዝግ ክፍል) ያለው ጋራዥ ፈልጉ፣ ወይም መስከረም እስኪጠባ ጠብቁ።

ምልክት፦ የተቀባው በር ከሌላው ቀለም ተለየ

በዓይን ተገምቶ ነው የተበጠበጠው። የቀለም ኮዱ መኪናው ላይ ተጽፏል። ቶዮታ ላይ ኮፈኑን ከፍታችሁ ወይም የሹፌሩን በር ምሰሶ አይታችሁ ሲ/ቲአር (C/TR) ከሚለው ጎን ታገኙታላችሁ፤ 040 ነጭ ነው፣ 202 ጥቁር። በአሮጌ መኪና ግን ኮዱ ብቻ አይበቃም፣ ቀለሙ በፀሐይ ደብዝዟል። ናሙና ካርድ ላይ ተረጭቶ ደርቆ፣ ፀሐይ ላይ ከመኪናው ጋር ይነጻጸር። ሜታሊክ ከሆነ ወደ ጎረቤቱ ላሜራ እየሳሳ ይግባ።

ምልክት፦ ክሊሩ ከጣራውና ከኮፈኑ እየተላጠ ነው

ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ትበላለች። ክሊሩ ከሳሳ ይባስ ነው። የተላጠችውን ቦታ ብቻ መንካት አይሠራም። ጠቅላላ ጣራው ይፋቅ።

የሚረጩ ልጆችን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማድረቂያ ያለው ቀለምና ክሊር ውስጥ ኢሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ አስም ያመጣል፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የአቧራ ማስክ ወይም ፎጣ አያድንም። ቢያንስ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ፣ አየር በሚያስወጣ ቦታ ርጩ፣ ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ቀለም ልትቀይሩ ካሰባችሁም ከመረጨቱ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሊብሬያችሁ ላይ ቀለሙ ተጽፏል። ነጩን መኪና ሰማያዊ አድርጋችሁ ለቦሎ ምርመራ ብትቀርቡ ትመለሳላችሁ።