ዓሳው ታመመ ከማለታችሁ በፊት ውሃውን ለኩ

አኳሪየም ያለው ሰው ዓሳው ሲደክምበት መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን መድኃኒት ልጨምርበት?” ብሎ ነው። እኔ ደግሞ “ውሃው ስንት ዲግሪ ነው?” ብዬ እመልሳለሁ። “ለብ ያለ ነው” ይሉኛል። በእጅ ነክቶ 22 ዲግሪን ከ26 የሚለይ ሰው ግን ብዙ የለም፤ ለዓሳው ሁለቱ የተለያየ ዓለም ናቸው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ አብዛኛው ቤት ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ሱቅ የሚሸጡት ዓሳዎች ግን ብዙዎቹ የሞቃት አገር ናቸው፤ ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ፣ ኤንጀልፊሽና ኒዮን ቴትራ የአማዞን። ሰውነታቸው የራሱን ሙቀት ስለማይጠብቅ ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ምግብ መፍጨቱም በሽታ መከላከሉም አብሮ ይዘገያል።

ስለዚህ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ አንብቡ። በሁለቱ መካከል ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ፣ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት የሚስተካከል ነገር አግኝታችኋል ማለት ነው።

ታች ተኝቷል፣ አይበላም፣ ቀለሙ ደብዝዟል

ጠዋት ጠዋት የሚብስ ከሆነ ብርድ ነው። ቤታ ከ24 እስከ 28፣ ጋፒ ከ22 እስከ 28፣ ኤንጀልፊሽ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይመቻቸዋል። ቤታ ከ22 በታች ሲሆን ክንፉን አጣጥፎ ጥግ ይይዛል።

መፍትሄው ሂተር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ግን አቅሙን አስሉ። በግምት ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ውሃውን ከክፍሉ በ5 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክፍላችሁ ሌሊት 17 የሚሆን ከሆነና 26 የምትፈልጉ ከሆነ፣ ለ100 ሊትር አኳሪየም 100 ዋት አይበቃም፤ 200 ያስፈልጋል። እኔ ከአንድ ባለ 200 ይልቅ ሁለት ባለ 100 እመርጣለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል፤ የአንዱ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲደርስ የሚያጠፋው ክፍል) ተጣብቆ አልጠፋ ቢልም ብቻውን ዓሳውን አይቀቅለውም። ሂተሩን ከፊልተሩ (ከውሃ ማጣሪያው) የሚወጣው ውሃ የሚነካው ቦታ አድርጉት፣ ቴርሞሜትሩን ደግሞ በተቃራኒው ጥግ። አጠገቡ ካስቀመጣችሁት የምታነቡት የሂተሩን ሙቀት ነው።

የቀዘቀዘውን ውሃ በአንዴ አታሙቁ፤ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። እስኪሞቅም ምግብ ቀንሱ፤ በብርድ የበላው ሳይፈጭ ሆዱን ይነፋዋል።

ጎልድፊሽ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ስለሚስማማው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሂተር አያስፈልገውም። ከቤታ ጋር በአንድ ዕቃ የሚሸጡላችሁን አትስሙ፤ አንዱ ሲመቸው ሌላው ይሠቃያል።

ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል፣ መተንፈሻው ይፈጥናል

እዚህ ላይ የብዙዎች ግምት ይሳሳታል። ውሃው ሲሞቅ የዓሳው የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ግን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.6 ይወርዳል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ስለሚያንስ ቁጥሮቹ ወደ 6.2 እና 5.7 ይጠጋሉ። ስለዚህ ለቆላ ሰው የተጻፈ “30 ዲግሪ አድርጉት” የሚል ምክር እዚህ ያለ አየር ፓምፕ አደገኛ ነው።

አየር ፓምፕ ጨምሩ ወይም የፊልተሩን መውጫ ወደ ውሃው ገጽ አዙሩት፤ ገጹ መናወጥ አለበት። ሂተሩ ተጣብቆ እንደሆነ አረጋግጡ፤ አኳሪየሙ መስኮት አጠገብ ከሆነም ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አድርጉት። ከዓሳው ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያም ለኩ፤ ውሃ ሲሞቅ የሚመርዘው የአሞኒያ ዓይነት ድርሻ ይጨምራል። በረዶ በቀጥታ አትጨምሩ። ቤታ ግን አልፎ አልፎ ወጥቶ አየር መጎንጨቱ ተፈጥሮው ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

ውሃ በተቀየረ ወይም መብራት በጠፋ ሰሞን ነጭ ነጥብ ወጣበት

ጨው የተነሰነሰበት የሚመስለው አይች የሚባል ጥገኛ ነው፤ በብርድ የተዳከመ ዓሳ ላይ ይሠለጥናል። መድኃኒት የሚገድለው ከዓሳው ወርዶ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ ዑደቱ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሲያልቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለሳምንታት ይጎተታል። “መድኃኒቱ አልሠራም” የሚባለውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ሙቀቱን ቀስ እያላችሁ ወደ 28 ወይም 29 አውጡ፣ አየር ፓምፕ አታጥፉ፣ ነጥቡ ከጠፋ በኋላም ሕክምናውን ለአንድ ሳምንት ያህል ቀጥሉ። ለጎልድፊሽ ይህን ሙቀት አትሞክሩ።

የውሃ ቅየራው መፍትሄ ቀላል ነው። ውሃውን በባልዲ ከአንድ ቀን በፊት ቤት ውስጥ አሳድሩ፤ ክሎሪኑም ይበናል። ከዚያ የፈላ ውሃ ቀላቅላችሁ በቴርሞሜትር እኩል አድርጉት።

ወንድና ሴት አሉ፣ ግን አይራቡም

ሙቀት እዚህ ላይ ሰዓትም ቀን መቁጠሪያም ነው፤ መልሱ ግን ለየዓሳው ይለያያል።

ጋፒ በ25 ዲግሪ በአራት ሳምንት ገደማ ይወልዳል፤ 22 ላይ ጊዜው ይረዝማል። ቤታ ውሃው 26 እስከ 28 ሲደርስ ወንዱ የአረፋ ጎጆ ይሠራል፤ እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአየር መተንፈሻቸው እየተሠራ ስለሆነ ከውሃው በላይ ያለው አየርም መሞቅ አለበት። ክዳን ሳይኖር በአዲስ አበባ ሌሊት ብዙ ጫጩት ያልቃል፣ ባለቤቱም በምግብ ያሳብባል። ኤንጀልፊሽ 27 አካባቢ ይጥላል፤ እንቁላሉ ነጭ ከሆነ ግን አልዳበረም ወይም ሌሊት ቀዝቅዞ ሻጋታ ይዞታል።

ኮሪዶራስ የሚባለው ታች ታች የሚዋኝ ትንሽ ዓሳ በተቃራኒው ነው። በአገሩ የሚራባው ዝናብ ሲመጣ ስለሆነ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ብትቀይሩለት ብዙ ጊዜ በማግስቱ መስታወቱ ላይ እንቁላል ታገኛላችሁ። ጎልድፊሽም ዓመቱን ሙሉ በ24 ከተቀመጠ አይጥልም፤ የተወሰነ ወራት ቀዝቅዞ ቀስ በቀስ ወደ 20 ሲሞቅ ነው የሚነሣሣው።

የእኛው ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንኳ ከ20 ዲግሪ በታች መራባቱን ያቆማል። ጫጩቶቹ ገና በለጋነታቸው በጣም ሞቃት ውሃ፣ 36 ዲግሪ አካባቢ፣ ውስጥ ካደጉ ደግሞ ወንዶቹ ይበዛሉ።

መብራት ሲጠፋ

አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ ላዩን ግን ትንሽ ክፍት ተዉ። የሞቀ ውሃ የያዘ፣ በደንብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማንሳፈፍ ይቻላል። አትመግቡ። በባትሪ የሚሠራ አየር ፓምፕ ያለው ሰው ከሂተር በፊት እሱን ያስነሣ፤ ዓሳ ከብርድ ይልቅ በአየር እጦት ቶሎ ይሞታል። ለብዙ ሰዓት የቆመ ፊልተር ስፖንጁ ይሸታል፤ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት እንጂ እንዳለ አታስነሡት። ሂተሩን ከመሰካታችሁ በፊት ደግሞ የውሃውን ልክ እዩ፤ ውሃው ተንኖ ወርዶ ሂተሩ ደረቅ ላይ ከበራ መስታወቱ ይሰነጠቃል።