የሃይስኩል ልጆችን ከቢዝነስ ትምህርት ጋር እንዴት እናስተዋውቅ? ግማሽ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ 32 ቁራጭ ወረቀት

መጀመሪያ ያበላሸነውን ልንገራችሁ፣ እንዳትደግሙት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ 80 የሚሆኑ የሃይስኩል ተማሪዎችን ጋበዝን። አዳራሽ አስገባናቸው። ዲኑ ንግግር አደረጉ፣ ምክትላቸው ደገሙ፣ ከዚያ የየዲፓርትመንቱ ኃላፊ እየተነሳ ስለ ራዕይና ተልዕኮ አወራ። እኔም ተራዬ ሲደርስ 40 ስላይድ ይዤ ወጣሁ። 15ኛው ላይ ስደርስ ከኋላ የተቀመጡት ስልካቸው ውስጥ ገብተዋል፣ ከፊት ያሉት ደግሞ በጨዋነት ያንቀላፋሉ። ሲወጡ አንዱን ልጅ "እሺ፣ ማኔጅመንት ምንድነው?" አልኩት። "አለቃ መሆን" አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አውርተን እሱ ጋ የቀረው ይሄ ነው።

አሁን ተገልብጧል። ልጆቹ መጀመሪያ ይሰራሉ፣ የሰሩት ነገር ስሙ ምን እንደሆነ በኋላ እንነግራቸዋለን። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ከሆነ፣ ወይም ሃይስኩል ሆናችሁ ልጆቻችሁን ወደ ካምፓስ ማምጣት ካሰባችሁ፣ አካሄዱ እንዲህ ነው።

ማንን ትጠሩ?

12ኛ ክፍልን አትጥሩ። እነሱ ፈተና ላይ ናቸው፣ ሀሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። 10ኛ ክፍልን ጥሩ፣ በሁለተኛው ሴሚስተር። ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው 11ኛ ሲገቡ ስለሚለይ ወሬው ጆሯቸው ላይ ያለው በዚያ ሰሞን ነው። ወሬው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ የተረፈው ሶሻል። ቢዝነስ ምን እንደሆነ ሳያይ በዚህ ወሬ ብቻ የሚወስን ልጅ ብዙ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ፣ ብዙ ልጅ ካምፓስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጠው ብርድ ልብሱን ተሸክሞ፣ ሆዱን ፍርሃት እየቆረጠው ነው። ከዚያ በፊት አንዴ በሰላም ገብቶ ቢወጣ አይጎዳውም።

ቁጥሩ 32 ይሁን። ለምን 32 እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል። ሶሻል ይገባሉ ተብሎ የታሰቡትን ብቻ መርጠው እንዳይልኩላችሁ ለትምህርት ቤቱ ቀድማችሁ ንገሩ። ሂሳብ የሚወዱት ልጆችም ይምጡ፣ እንዲያውም በተለይ እነሱ።

ደብዳቤና በር

ይሄ አሰልቺው ክፍል ነው፣ ግን ካልተሰራ ቀኑ ይበላሻል። ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ማህተም ያለው ደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ ይድረስ። የወላጅ ፈቃድ ይፈረም። አብሮ የሚመጣ መምህር ይመደብ። ቅርብ ያለ ትምህርት ቤት ምረጡ፣ በእግር ከመጡ የአውቶብስ ጣጣ ቀረላችሁ። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ክፍሎች ባዶ ናቸው። ጾም መሆን አለመሆኑን ካላንደር ላይ እዩ፣ ረመዳንንም ጭምር፣ ምሳ ላይ ግማሹ ልጅ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ በሩን አትርሱ። የልጆቹ ሙሉ ስም ዝርዝር፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ዋዜማውን ጥበቃዎቹ እጅ ይግባ። እኛ አንድ ጊዜ "ስልክ ደውለን ነግረናቸዋል" ብለን ተኛን። ጠዋት ፈረቃ ተቀይሮ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘን። ልጆቹ ፀሐይ ላይ 50 ደቂቃ ቆሙ። ጥበቃው ምን ያድርግ፣ እሱ ወረቀት አላየም።

ሽንኩርት ተራ

3 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ዲኑ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይበሉ፣ አምስት ደቂቃ፣ ይበቃል። (ይሄን ለዲን መንገር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ የምለው "መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት የሚሰጡት እርስዎ ነዎት" ነው። ይሰራል።) ከዚያ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ግፉና መሃሉን ክፍት አድርጉት።

32 ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ። በ16ቱ ላይ በቀይ ማርከር ከ3 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ጻፉ፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ። እነዚህ የገዢ ናቸው። በቀሪዎቹ 16 ላይ በጥቁር ከ2 እስከ 9፣ እነሱንም ሁለት ሁለት ጊዜ። እነዚህ የሻጭ ናቸው። ድሮ የመጫወቻ ካርታ ነበር የምንጠቀመው፣ አንድ ፓኮ ልክ ይበቃል። አንድ ርእሰ መምህር በሩ ላይ ቆመው ልጆቻቸው ካርታ ይዘው ሲጯጯሁ አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት።

ቁጥሩ በአስር ብር ይቆጠራል። ቀይ 9 የደረሰው ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት እስከ 90 ብር መክፈል ይችላል፣ ከዚያ አንድ ብር አይጨምርም። ጥቁር 4 የደረሰው ሽንኩርቱ በ40 ብር ነው የመጣለት፣ ከዚያ በታች አይሸጥም። ወረቀቱን ለማንም አያሳይም። መሃል ገብተው ይከራከራሉ። የተስማሙ ሁለት ልጆች አብረው ወደ ጠረጴዛው መጥተው ወረቀታቸውን ያስረክባሉ፣ እናንተ የተስማሙበትን ዋጋ ቦርዱ ላይ ትጽፋላችሁ። አንድ ሰው በአንድ ዙር አንድ ኪሎ ብቻ። ጊዜው አምስት ደቂቃ ነው። ሲያልቅ ወረቀቱን ሰብስባችሁ፣ በውዛችሁ፣ ገዢና ሻጭነቱንም ቀያይራችሁ እንደገና አድሉ።

የጎደለ ልጅ ካለ ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ ጥቁር 9ን ከቀይ 3 ጋር አስወጡ፣ ዋጋው አይናጋም።

የመጀመሪያው ዙር መርካቶ ነው። አንዱ በ45 ይሸጣል፣ ሌላው በ80 ይገዛል፣ ቦርዱን ሲያዩ አንገታቸውን ይይዛሉ። ሁለተኛው ላይ መጠየቅ ይጀምራሉ፣ "ስንት እየሄደ ነው?" ይባባላሉ። ሦስተኛው ላይ ዋጋው 60 ዙሪያ ይሰበሰባል። ማንም 60 አላለም። ወረቀቱን ሁሉ በቅደም ተከተል ደርድራችሁ አሳዩአቸው፤ 60 ላይ መግዛት የሚችሉት አስር፣ መሸጥ የሚችሉት አስር። መጽሐፋቸው ላይ ያለችው የአቅርቦትና የፍላጎት መስቀል ይቺ ናት። ባለ ጥቁር 9ኙ ልጅ "ቲቸር፣ እኔ ወረቀቴ መጥፎ ስለሆነ ነው ያልሸጥኩት" ይላችኋል። ዝም አትበሉት። በ90 ያመጣውን በ60 በሚሸጥበት ገበያ ይዞ የቆመ ነጋዴ ሁሉ የሚለው እሱን ነው፣ ንገሩት።

አራተኛው ዙር ላይ እኔ መንግሥት እሆናለሁ። ሻጩ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 20 ብር ታክስ ይከፍለኛል። ከመጀመሬ በፊት "ታክሱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው?" ብዬ እጅ አስወጣለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል "ሻጩ ላይ" ይላል። ከዚያ ይሸጣሉ ይገዛሉ። ዋጋው ወደ 70 ይጠጋል። የሚሸጠውም ከአስር ኪሎ ወደ ስምንት ይወርዳል። ገዢው አስር ብር ጨምሯል፣ ሻጩ ታክሱን ከፍሎ ኪሱ የሚቀረው 50 ነው። ግማሽ ለግማሽ ተካፍለውታል። ቦርዱን እያዩ ክፍሉ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል፣ እኔ ለዚህ ቀን የምደክመው ለዚያች ጸጥታ ነው። ቬርኖን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተማሪዎቹን እንዲህ እያገበያየ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል እንደተሸለመ የምነግራቸውም እዚህ ጋ ነው።

ጀበና ቡና

ሻይ ዕረፍት አድርጉና አራት አራት ሆነው ይቀመጡ። ሥራው ቀላል ይመስላል። አንዲት ሴት ጀበና ቡና ልትከፍት ነው፣ በቀን ስንት ሲኒ ብትሸጥ ነው የማትከስረው? ቁጥሩን እናንተ ስጡ፣ በሰፈራችሁ ዋጋ ቀይሩት። ለምሳሌ ሲኒው 20 ብር ይሸጣል፣ ቡናው፣ ስኳሩና ከሰሉ በሲኒ 8 ብር ይወስዳል። ቦታ ኪራይ በወር 6,000፣ የምታግዛት ልጅ 3,000።

እያንዳንዱ ሲኒ 12 ብር ይተርፈዋል። 9,000 ለ12 ሲካፈል 750 ሲኒ። በወር 25 ቀን ከሰራች በቀን 30 ሲኒ ማለት ነው። ጎበዞቹ በአምስት ደቂቃ ያወጡታል፣ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩዋችኋል። አሁን ጠይቋቸው፤ የሴትየዋ የራሷ ደመወዝ የታለ? የሚሰበር ሲኒ? ዝናብ የዘነበበት ቀን?

አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ነበረች፣ ሽንኩርት ተራም ላይ ብዙ አልጮኸችም። "ቲቸር፣ ዱቤው የት ነው የተጻፈው?" አለችኝ። እናቷ ግንባታ አካባቢ ቡና ትሸጣለች። ሠራተኞቹ የሚከፍሉት በ15 ቀን አንዴ፣ ሲከፈላቸው። ስኳር ቤቱ ግን 15 ቀን አይጠብቅም። "40 ሲኒ ሸጣ ለከሰል የምትከፍለው የምታጣበት ቀን አለ" አለች። እኔ ቦርዱ ላይ የጻፍኩትን አየሁ፣ እውነትም ዱቤ የሚባል ነገር የለም። ትርፍ አለ፣ ብር የለም። ልጅቷን ወደ ቦርዱ ጠርቼ ሁለት ዓምድ አሰራኋት፣ የተሸጠና የተሰበሰበ። ፕሮግራሙ 20 ደቂቃ ተንሸራተተ። አሁን ጥያቄውን ሆን ብዬ ክፍት እተወዋለሁ፣ ከ32 ልጅ መሃል ቤቱ ንግድ ያለ አንድ አይጠፋም።

ዲፓርትመንቶቹ

አሁን ተናገሩ፣ 15 ደቂቃ ይበቃችኋል። ዱቤውን በትክክል መዝግቦ ወሩ ሲያልቅ ትርፍና ጥሬ ገንዘብ ለምን እንደተለያዩ ማሳየት አካውንቲንግ ነው። ዝናብ ለሚዘንብበት ወር ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ ከእቁብ ወይስ ከባንክ ብድር፣ የቱ ይረክሳል የሚለው ፋይናንስ። ባለ ጥቁር 9ኙ ልጅ ሽንኩርቱ ለምን በ90 መጣበት፣ ከማሳ እስከ ተራው ስንት እጅ አለፈ የሚለው ሎጂስቲክስ። ታክሱ ኢኮኖሚክስ። ማርኬቲንግንና ማኔጅመንትን ለልጆቹ ተዉላቸው፣ ራሳቸው ያገኙታል።

እውነቱንም ንገሯቸው። ከሂሳብ ለመሸሽ ቢዝነስ የገባ ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ ራሱ ሂሳብ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው።

እናንተ ውጡ

የመጨረሻው አንድ ሰዓት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነው። መምህራን በሙሉ ከክፍሉ ይውጡ፣ አብሮ የመጣውም ጭምር። ዶርም፣ ካፌ፣ ናፍቆት፣ "በእውነት ሥራ ይገኛል ወይ" የሚለው ጥያቄ እኛ ባለንበት አይወጣም። ከደረጃ አንደኞቹ ጋር አንድ ኮርስ ወድቆ የተነሳ ተማሪም ይግባ።

ለአንድ ነገር ብቻ አዘጋጇቸው። "ፎሬክስ ታስተምራላችሁ?" የሚል ልጅ ሁልጊዜ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ የውጭ ገንዘብ መነገድን ማለቱ ነው። አታሹፉበት። ጥያቄውን ወደሚጨበጥ ነገር መልሱት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮን ሲሸጥ አንዱ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33፣ በድምሩ 9,900 ብር። ያን ገንዘብ ብትይዝ ትገዛ ነበር ወይ? ከመግዛትህ በፊት ምን ታያለህ? ክርክሩን ለእነሱ ተዉት።

ሲወጡ እያንዳንዱ ልጅ ባለ ቁጥሯን ወረቀት ይውሰድ፣ ጀርባዋ ላይ ግን መጀመሪያ አንድ ያልተመለሰለት ጥያቄ ይጻፍና ፎቶ አንሱት። በሳምንቱ መልሱን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለትምህርት ቤቱ ላኩ። ባለፈው ዙር ከመጡት ጥያቄዎች አንዱ "መንግሥት 20 ብሩን ምን አደረገው?" የሚል ነበር። እሱን ለመመለስ ሁለት ገጽ ፈጅቶብኛል።